ስንት ቦታ ፈልጋችሁ ነው ያገኛችሁት?

ይድረስ፦ በትልልቅ ዳታ ላይ ተመሥርታችሁ ውሳኔ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች፣ የምርምር ተቋማትና የዜና ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ግኝት ስታወጡ ስንት ቦታ ፈልጋችሁ እንዳገኛችሁት አብራችሁ እንድትገልጹ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሥራዬ ከቁጥር ጋር ነው። ሰንጠረዥ ሳጸዳና ስተነትን እውላለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር እያደር እያሳሰበኝ ስለመጣ ነው። «በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ የተገኘ» የሚል ቃል ሲሰማ ጥያቄ ይቆማል። ዳታው ትልቅ ነው፤ እንግዲያው ግኝቱ እውነት ነው፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሕክምና ይቀየራል፣ በጀት ይመደባል፣ አንዱ ብድር ይከለከላል፣ ሌላው ዜና ይሠራል።

የምለው ይህ ነው። ዳታ ሲተልቅ እውነት የሚመስል ግን ባዶ የሆነ ተዛምዶም (ሁለት ነገሮች አብረው ሲሄዱ መታየታቸው) አብሮ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከእውነተኛው ተዛምዶ ቀድሞ የሚበዛው እሱ ነው። የተንታኙ ስንፍና ወይም ተንኮል አይደለም። ሒሳቡ ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ስለዚህ «ዳታው ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ቦታ ፈልጋችሁ ነው ያገኛችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየስብሰባው ያስፈልጋል።

ከኔ ቃል ይልቅ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። ከተንታኞቻችሁ አንዱን ጥሩና ይህን አሠሩት። ባዶ ሰንጠረዥ ይክፈት፤ 200 ዓምድ በ20 ረድፍ። እያንዳንዱን ሳጥን ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ በሚያወጣው ቁጥር ይሙላው። እዚያ ውስጥ ምንም ትርጉም የለም፤ አንዱ ዓምድ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። አሁን እያንዳንዱን ዓምድ ከቀሩት ከሁሉም ጋር እያጣመረ ተዛምዷቸውን ያስላ። ከ200 ዓምድ 19,900 ጥንድ ይወጣል። በብዙ ጥናት እንደሚደረገው የአምስት በመቶ መስፈርት ብንጠቀም (ይህ መስፈርት ምንም በሌለበት እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ አምስቱን ያሳልፋል)፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥንዶች «ትርጉም ያለው ተዛምዶ» የሚል ማኅተም ተመቶላቸው ያልፋሉ።

ሌላም አለ። ከነዚህ ውስጥ አሥር ያህሉ ተዛምዷቸው ከ0.7 በላይ ይሆናል። በዚህ መለኪያ 0 ማለት ምንም አብሮ መሄድ የለም ማለት ነው፤ 1 ማለት ደግሞ ፍጹም አብረው ይሄዳሉ። 0.7 ቀላል አይደለም። ሰውን በሚመለከት ጥናት ላይ ቢገኝ ተመራማሪው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስደውም። ከነዚያ ጥንዶች አንዱን ምረጡና የመጀመሪያውን ዓምድ «የእንቅልፍ ሰዓት»፣ ሁለተኛውን «የደም ግፊት» ብላችሁ ሰይሙት። ግራፉን አትሙና ለባልደረባችሁ አሳዩት። ደቂቃ ሳይቆይ ምክንያቱን ይነግራችኋል። የሰው አእምሮ ለአየው ነገር ሁሉ ምክንያት አያጣም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ማብራሪያ መገኘቱ ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ዓምዶቹን 2,000 ያድርጋቸው። ጥንዶቹ 1,999,000 ይሆናሉ። ዓምዱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ጥንዱ መቶ እጥፍ አደገ። በዚያው መስፈርት ወደ 100,000 የሚጠጋ «ግኝት» እጃችሁ ላይ አለ፤ አንዱም እውነት አይደለም።

«ዳታ በዛ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። ረድፍ ሲበዛ፣ ማለትም የታዩት ሰዎች ወይም ቀናት ሲበዙ፣ አጋጣሚ የፈጠረው ተዛምዶ መጠኑ እየሳሳ ይሄዳል። 0.7 የነበረው ወደ 0.1፣ ከዚያም ወደ ኢምንት ይወርዳል። ይሄ መልካም ነው። ዓምድ ሲበዛ ግን፣ ማለትም ስለ እያንዳንዱ ሰው የምንመዘግበው ነገር ሲበዛ፣ የሐሰት ጥንድ ይፈለፈላል። የዛሬ ዳታ ደግሞ በሁለቱም በኩል ነው የሚያድገው። ስልካችን፣ ካርዳችን፣ የሐኪም ፋይላችን በየቀኑ አዲስ ዓምድ ይጨምራሉ። ረድፉ ስለበዛም ያ አምስት በመቶ አይቀንስም። የሚያንሰው የተዛምዶው መጠን ነው እንጂ ማኅተሙን የሚያገኙት ጥንዶች ቁጥር አይደለም። መጠኑን ትቶ ማኅተሙን ብቻ የሚያይ ሰው በ10 ሚሊዮን ሰው ዳታም ይሳሳታል።

10 ሚሊዮን ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኦንታሪዮ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከ10.6 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የግዛቲቱን ነዋሪዎች የሆስፒታል መረጃ ወሰዱ። ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በመጀመሪያው ግማሽ ላይ በጣም የተለመዱ የሆስፒታል መግቢያ ምክንያቶችን ከሰዎቹ የትውልድ ኮከብ ጋር እያጣመሩ ፈተሹ። ለአሥራ ሁለቱም ኮከቦች የየራሳቸው በሽታ ተገኘላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 24። አሰድ የሆኑ ሰዎች በጨጓራና አንጀት መድማት፣ ቀውስ የሆኑት ደግሞ በላይኛው ክንድ አጥንት ስብራት ከሌላው የበለጠ ሆስፒታል የሚገቡ ሆነው ታዩ። ቁጥሩ የተለመደውን መስፈርት ያሟላል። ሰንጠረዡ ንጹሕ ነው። ሰዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ሄዱ። 24ቱን ተዛምዶዎች ባልተነካው ዳታ ላይ እንደገና ፈተኗቸው። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የአሰዱ መድማትና የቀውሱ ስብራት። ስንት ጊዜ እንደተፈተሸ አስልተው መስፈርቱን ሲያጠብቁት እነዚያም ወደቁ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ኮከብ ቆጠራን ሊያጸድቁ አልነበረም። የሙያ ባልደረቦቻቸው በየቀኑ የሚሠሩትን አሠራር ሁሉም ሰው በሚያውቀው ምሳሌ ሊያሳዩ ነው። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው። በኮከብ ፈንታ «የቁርስ ሰዓት» ወይም «የደም ዓይነት» ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ማን ይፈትሽ ነበር? ኮከብ ስለሆነ ጠረጠርን። ሌላው ግን ሳይጠረጠር ያልፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ጉዳይ ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ብሪታንያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኡድኒ ዩል በ1926 ባሳተመው ጥናት ከ1866 እስከ 1911 የነበሩትን የእንግሊዝና የዌልስ አኃዞች አሳየ። በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚፈጸመው ጋብቻ ከጠቅላላው ጋብቻ ያለው ድርሻ እና የሕዝቡ የሞት መጠን ያላቸው ተዛምዶ 0.95 ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መጋባት ሞትን ቀነሰ ማለት ነው? አይደለም። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ለአሥርት ዓመታት እየወረዱ ነበር። በጊዜ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ነገሮች ምንም ሳይገናኙ የተገናኙ ይመስላሉ። ይሄኛው ዓይነት ረድፍ በመጨመር ብቻ አይድንም። የዛሬ ግራፎቻችን አብዛኞቹ የጊዜ ግራፎች መሆናቸውን አስታውሱልኝ።

በዩል ዘመንና በእኛ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው ነው። ያኔ አንድ ተዛምዶ በእጅ ማስላት አድካሚ ሥራ ነበር። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ያስባል፤ «ይሄ ከዚያ ጋር ለምን ይዛመዳል?» ብሎ በቂ ምክንያት ካላገኘ እርሳሱን አያነሳም። ድካሙ ራሱ ወንፊት ነበር። ዛሬ ማሽኑ ሚሊዮን ጥንድ በአንድ ትንፋሽ ይፈትሻል። ወንፊቱ ተቀዷል፤ በምትኩ ሌላ አላበጀንም።

የሒሳብ ሊቃውንት ጉዳዩን ከዚህም በላይ ጥግ አድርሰውታል። በ26 ዓመቱ በ1930 የሞተው ፍራንክ ራምሴ ካስቀመጠው ሐሳብ የሚመነጭ አንድ የታወቀ ውጤት አለ። ማንኛውንም ስድስት ሰው ብትሰበስቡ፣ ወይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት፣ ወይ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። ማንም አላቀደውም፤ ብዛቱ ብቻ ግድ ይለዋል። ክሪስቲያን ካሉድ እና ጁዜፔ ሎንጎ የተባሉ ሁለት ምሁራን ይህን መንገድ ተከትለው ትልልቅ የመረጃ ቋቶችን መረመሩ። ቋቱ በበቂ መጠን ከተለቀ ምንም ዓይነት ዳታ ይሁን፣ በዘፈቀደ የተሞላም ቢሆን፣ ውስጡ ተዛምዶ መገኘቱ የማይቀር መሆኑን አሳዩ። እዚያ የሚገኘው ሥርዓት ስለ ዓለም የሚናገር ላይሆን ይችላል። ስለ ቋቱ ትልቅነት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ በተግባር ምን ጎዳ?» የሚል ይኖራል። የጉግልን የኢንፍሉዌንዛ ትንበያ እንውሰድ። በ2008 ሥራ ሲጀምር ዓለም ተደነቀ፤ መደነቁም አይፈረድበትም። ሐሳቡ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከሚፈልጉት ቃል ተነስቶ በሽታው የት እንደበዛ ከጤና ተቋማት ሪፖርት ቀድሞ ማወቅ ነበር። 50 ሚሊዮን የፍለጋ ቃላት ከ1,152 የመረጃ ነጥቦች ጋር ተነጻጸሩ። በመጨረሻ 45 ቃላት ተመረጡ። 50 ሚሊዮን ዓምድ ለ1,152 ረድፍ መሆኑን ልብ በሉ። በፍተሻው ወቅት ከጉንፋኑ ጋር አብረው ከወጡት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ይገኝበታል። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ወቅትና የጉንፋን ወቅት አንድ ስለሆነ ነው። እሱን ሰው አይቶ አወጣው። ሰው ያላስተዋለው ምን ያህል ውስጥ እንደቀረ ግን በዓይን አይታይም።

በ2009 ከተለመደው ወቅት ውጭ አዲስ ወረርሽኝ ሲነሳ ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ማዕበል ሳያየው ቀረ። ተስተካከለ። ከዚያ ደግሞ ማጋነን ጀመረ። በ2014 ሌሎች ሳይንቲስቶች ሲፈትሹት ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ከነበሩት 108 ሳምንታት በ100ው ከእውነተኛው በላይ ተንብዮ ነበር። በ2015 ይፋዊ ትንበያው ቆመ። ይህ እንግዲህ ጎበዝ ባለሙያና የማይነጥፍ ዳታ ያለው ቤት ነው። እውነተኛው አኃዝ በየሳምንቱ ስለሚወጣ ስህተቱ ታወቀ። በብድር አሰጣጥ፣ በቅጥር፣ በኢንሹራንስ ላይ በሚውል ሥርዓት ውስጥ ግን ብድር የተከለከለው ሰው ቢሰጠው ይከፍል እንደነበር የሚያሳይ ሳምንታዊ ሪፖርት የለም። ሰውየው ቤቱ ይገባል። በምን ምክንያት እንደተከለከለ እንኳ ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ሰው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ተዛምዶው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ትርጉሙ ነው የሚገለበጠው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሳንባ ምች ያለባቸው ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ከመዝገብ እንዲማር የተሠራ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ ከመዝገቡ የተማረው አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ነው። ዳታው በርግጥም እንደዚያ ይላል። ምክንያቱ ሐኪሞች አስም እንዳለበት ሲያውቁ በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገቡት ስለነበር ነው። የዳነው በሕክምናው ነው፤ ምስጋናው ግን ለአስሙ ሄደ። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ «አደጋ የለበትም» ብሎ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ከሁሉ ቀድሞ መታከም ያለበትን ሰው ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ስህተቱን ያገኙት የፕሮግራሙን ውስጥ ገልጠው ያዩ ሰዎች ናቸው። ተጨማሪ ዳታ ቢጨመርለት ያንኑ ስህተት አጠናክሮ ይማር ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ሁሉ የምለው ተዛምዶ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። «ተዛምዶ ማለት ምክንያት ማለት አይደለም» የሚለው ትክክለኛ አባባል መጥፎ እጅ ላይም ወድቆ ያውቃል። ሲጋራ አምራቾች ለአሥርት ዓመታት የተደበቁት ከጀርባው ነበር። ሪቻርድ ዶል እና ብራድፎርድ ሂል በ1951 ለእንግሊዝ ሐኪሞች ደብዳቤ ልከው ስለ ማጨስ ልማዳቸው ሲጠይቁ ወደ 40,000 የሚሆኑት መለሱ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ጠበቁ። ማን በሳንባ ካንሰር እንደሚሞት መከታተል ጀመሩ። ጥያቄው አስቀድሞ ታውቆ ተቀምጧል፤ መልሱ ከኋላ መጣ። ከሺህ ዓምድ ተለቅሞ የወጣ ተዛምዶ አልነበረም። ልዩነቱን የምትፈልጉት እዚህ ላይ ነው፤ ዳታው ሲታይ የተወለደ ጥያቄ አለ፣ ዳታው ሳይታይ የተጠየቀ ጥያቄ አለ። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ክብደታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ይህን ቁም ነገር ከልብ የያዙ ሙያዎች አሉ። የፊዚክስ ሊቃውንት በቁጥር መጠንቀቅ የተማሩት በፈተና ነው። በታኅሣሥ 2015 በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሰርን የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው በዳታቸው ውስጥ ያልተጠበቀ ጉብታ አዩ። አዲስ ቅንጣት ሊሆን ይችላል ተባለ። በወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ተጻፉ። ቡድኖቹ ራሳቸው ግን «አገኘን» አላሉም። እነሱ ዘንድ አጋጣሚ ብቻውን ያንን ሊፈጥር የሚችልበት ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ካልደረሰ «ተገኘ» አይባልም። ከዚያም በላይ ስንት ቦታ እንደፈለጉ ይቆጥራሉ፤ ብዙ ቦታ ከፈለጉ የግኝታቸውን ጥንካሬ ራሳቸው ይቀንሱታል። ተጨማሪ ዳታ ሰበሰቡ። በነሐሴ 2016 ጉብታው ጠፋ። ያን ቀን ያፈረ ሰው አልነበረም፤ ማንም ያላለውን ነገር መሻር አላስፈለገምና።

በሕክምናም እንዲሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም በገንዘብ የደገፋቸው ትልልቅ የልብ ሕክምና ሙከራዎች በኋላ ተመርምረው ነበር። ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 ሙከራዎች 17ቱ ሕክምናው ጠቃሚ መሆኑን አሳይተዋል። ከ2000 በኋላ ከታተሙት 25 ግን ሁለቱ ብቻ። መድኃኒት በድንገት አልደከመም። በ2000 አካባቢ ተመራማሪዎች የሚለኩትን ዋና ነገር ሙከራው ሳይጀመር በይፋ እንዲያስመዘግቡ ተደረገ። በኋላ ቁጥሩን አይቶ «ዋናው መለኪያችን ይሄ ነበር» ማለት ከባድ ሆነ። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ አጥኚዎቹ ግን ጎልቶ ያገኙት ይህን ነው። ይህ ቁጥር ከማውቃቸው ሁሉ የበለጠ ያስደነግጠኛል፤ በሌላው ዘርፍ፣ ምዝገባ በሌለበት፣ ስንቱ ግኝት እንዲሁ ቆሞ እንደሆነ እንዳስብ ያደርገኛልና።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ተቋማችሁ ከዳታ ያገኘውን ነገር ለውሳኔ ሲያቀርብ ከጎኑ የፍለጋውን ብዛት ይጻፍ። ስንት ዓምድ ተነካ? ስንት ጥንድ ተፈተሸ? ስንት ጊዜ መስፈርቱ ተቀያየረ? ያልተሳካውም ይቆጠር፤ አልሳካ ብሎ የተጣለው ፍተሻ የግኝቱ አካል ነው። ኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ መዝግቦ ማስቀረት ስለሚችል «አናስታውስም» የሚባል ምክንያት አይኖርም። ዳታው ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ከፊሉ ተቆርጦ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከተንታኙ ሌላ ሰው እጅ ይሁን። የተገኘው ነገር በተቆለፈው ላይ ሳይፈተን በሰው ሕይወት ላይ አይዋል። የጊዜ ግራፍ ከሆነ ሁለቱም አብረው ስለወጡ ወይም ስለወረዱ ብቻ የተዛመዱ መሆን አለመሆናቸው ይታይ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ትንሽ ትዕግሥትና ተንታኙን «ምንም አላገኘሁም» ሲል የማይቀጣ አለቃ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ተንታኝ የሚመሰገነው ባገኘው ልክ ከሆነ ሳያገኝ አያድርም፤ ዳታው ደግሞ አያሳፍረውም።

ለዜና ክፍሎች አንድ ብቻ ልጨምር። «ጥናት አረጋገጠ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ተመራማሪውን ይህን ጠይቁት፦ ይህን ጥያቄ ይዘህ ነው ዳታው ውስጥ የገባኸው፣ ወይስ ከዳታው ውስጥ ነው ጥያቄውን ይዘህ የወጣኸው? ጨዋ ተመራማሪ በጥያቄው አይቀየምም። መልሱንም ለአንባቢ አድርሱ።

በቀጣዩ ሪፖርታችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከዋናው ቁጥር ቀጥሎ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲህ የሚል መስመር እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ «ይህ ተዛምዶ ከተፈተሹ … ጥንዶች መካከል የተገኘ ነው፤ ለፍለጋው ባልዋለ ዳታ ላይ ተፈትኗል / አልተፈተነም።» ባዶውን ቦታ የሚሞላው ቁጥር እናንተ ጋር አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ